የጤነኞቹ ጥጆች ደም

ጥቅምት 13 ቀን 2004፣ ሰኞ

ከምሳ በኋላ የቆቦ ንፋስ እንደ ልማዱ መጣ። አጥቤ ያሰጣሁትን ነጭ ጋወን አፈር አልብሶት ሄደ። ግቢው በር ላይ ያለውን "ለምለም ግጦሽ የእንስሳት ልማት ፕሮጀክት" የሚለውን ታፔላም ጣለው። የሚያነሳው የለም። ለምለሙም ግጦሹም አቧራ ላይ ተጋድሞ ዋለ፤ ገበሬው በላዩ እየተራመደ ይገባል።

አማካሪዬ ዶክተር ሄኖክ ደወለ። ሰኔ የመጨረሻው ነው አለኝ። ዩኒቨርሲቲው አንዴ አራዝሞልኛል፣ ሁለተኛ የለም። እስከ ሰኔ የማስተርስ ጽሑፌን ካላቀረብኩ ስሜ ይሰረዛል። ደብረ ማርቆስ ያሉት ዘመዶቼ እንደሆኑ ከወዲሁ ድግሱን ሊበሉት ደርሰዋል። ከተሰረዝኩ ምን ብዬ ነው የምገባው?

ጥናቱ ወረቀት ላይ ሲያዩት ቀላል ነው። ጥጃ ውስጡ ሲቆጣ፣ ሳንባው ይሁን አንጀቱ፣ ከውጭ ምንም ሳይታይ ደሙ ይለወጣል። መዳቡ ከፍ ይላል፣ ዚንኩና ብረቱ ይወርዳል። የታመሙ ጥጆችን ደም ከጤነኞቹ ጋር አስተያይቼ ይሄን አሳያለሁ፣ ዲግሪዬን ይዤ እወጣለሁ። ይኸው ነው።

የታመሙትን ጨርሻለሁ። ሳል፣ ተቅማጥ፣ ያበጠ እትብት... ክሊኒካችን በር ላይ በየቀኑ ይመጣል። የጠፋው ጤነኛው ነው። ጤነኛ ጥጃ ያለው ሰው ምን ቀረኝ ብሎ ሐኪም ጋ ይመጣል?

ረዳቴ ሙላት፣ የጎብዬ ከተማ ልጅ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጠው፣ "ፍሬ፣ ሰው ሲለምን ያየሁት ለበሽታው ነው። አንቺ ለጤና ልትለምኚ ነው" አለኝ። ይሳቅ። እሱ የሚሰረዝ ስም የለው።

ጥቅምት 18፣ ቅዳሜ

በዓል ላይ ዋልን። ከሮቢት ወረድ ብላ ያለችው መንደር "ከብት መተኮስ ያቆመች ሞዴል መንደር" ተብላ ተመረቀች። የፕሮጀክታችን አስተባባሪ አቶ ተዋቸው ባነር አሠርቶ መጥቷል። ሰማያዊ፣ ትልቅ፣ የራሱ ፎቶ ያለበት።

መተኮስ... ሳስበው ራሱ ያመኛል። ማጭዱን እሳት ውስጥ ይከቱታል። ፍም ሲመስል ቆዳው ላይ። ላሳለው ደረቱን፣ ላስቀመጠው ሆዱን፣ ምኑን እንዳመመው ላልታወቀው ደግሞ የተገኘውን። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ትል ይገባበታል፣ ከዚያ ወደ እኔ ይመጣል። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ "አትተኩሱ" ስል ጉሮሮዬ ደረቀ። ዛሬም አልኩ። አጨበጨቡልኝ። ከሁሉ ጠንክረው ያጨበጨቡት ጋሽ ሸረፈዲን ናቸው። ሙላት እንደሚለው በዚያ መንደር የተተኮሰ ከብት ሁሉ በሳቸው እጅ ነው የተተኮሰው።

ሰው ተሰብስቦ ሳለ ልመናዬን አቀረብኩ። "ጤነኛ ጥጃ እፈልጋለሁ። ምንም ያልነካው፣ የምትኮሩበት። ትንሽ ደም ቀድቼ እመልስላችኋለሁ።"

የጋሽ ሸረፈዲን ባለቤት ሀሊሜ ናት የተናገረችው። "ደሙ ከተቀዳ በኋላስ ምን ይከተለዋል?"

"ምንም አይከተለውም።"

"ኢንሻአላህ።"

ወሎ ውስጥ ኢንሻአላህ ብዙ ዓይነት ነው። ይቺኛዋ የተስፋ አልነበረችም። ለማንኛውም ለሁለት ሳምንት ቀጠሮ ያዝን።

ኅዳር 2፣ ቅዳሜ

እንዴት ያለ ቀን ነው። ይቀራሉ ብዬ ስፈራ መንደሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ጥጆቹ ታጥበዋል። አንዳንዱ አንገቱ ላይ ቀይ ክር አስሯል። ጋሽ ሸረፈዲን ግንባሩ ነጭ የሆነ፣ ደስ የሚል ቦቃ ጥጃ ይዘው ከሁሉ ቀድመው ቆሙ።

ሙቀታቸውን ለካሁ፣ ዓይናቸውን ገለጥኩ፣ ሳንባቸውን አዳመጥኩ። ሸጋ ናቸው። ኋላ እግራቸው ጋ ስጠጋ የሚደነብሩ አሉ እንጂ... የቆላ ጥጃ ነው፣ ሰው አልለመደም።

የባለቤቶቹ ጨዋነት ደግሞ። "አንቺ አትልፊ፣ እኛ እንይዝልሻለን፣ ከአንገቱ በኩል ብቻ ነይ።" ከሌላ በኩል አላስጠጋ አሉኝ። እኛ አገር ቢሆን "ሐኪም አይደለሽም እንዴ፣ ያዢው" ነበር የሚሉኝ። በወሎ ሰው ትሕትና ልቤ ተነካ።

አንዷ ብቻ ጥቁርና ነጭ ናት፣ የፈረንጅ ዲቃላ። "የማን ናት?" ስል "የእግዜር" አለኝ አንዱ። ሙላት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "የአቶ ተዋቸው ናት። አማቹ ጋ ነው የምታድገው። ይቺ መንደር ሞዴል ሆና በምን የተመረጠች መሰለሽ?" አለ። ጤነኛ ትሁን እንጂ የማንም ትሁን። ደሟን ቀዳሁ።

ኅዳር 4

መብራት የለም። ከደሙ ለይቼ ያስቀመጥኩት ውሃ ፍሪጅ ውስጥ ሊሞቅብኝ ነው። በረዶ ፍለጋ ቆቦን ዞርኩ። ባለ ግሮሰሪው "ለሠርግ ነው?" አለኝ። "ለጥጃ ነው" አልኩት። ሰጠኝ፣ ግን ዓይን ዓይኔን እያየ።

ኅዳር 6

ወደ አዲስ አበባ፣ የበረዶ ሣጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ። ወልድያ ላይ አጠገቤ የነበረው ሰውዬ "ምን ይዘሽ ነው እንዲህ የምታቅፊው?" አለ። "ደም።" እስከ ደሴ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ምቾት ነበረው።

ታኅሣሥ 11

ላቦራቶሪው፣ የማሽኑ መብራት ተቃጥሏል፣ ከውጭ እስኪመጣ ጠብቂ ይላል። እኔስ እጠብቅ። ሰኔ ይጠብቀኛል ወይ?

ጥር 9

ውጤቱ መጣ። ምሳዬን አልበላሁም።

መጀመሪያ ወረቀቱን ገልብጬ የያዝኩት መሰለኝ። ጤነኞቹ... ከጥቂቶቹ በቀር መዳባቸው ጣራ ነክቷል። ዚንካቸው ወርዶ ወርዶ፣ ብረታቸውም እንደዚያው። እነዚያ እያሳሉ የመጡት፣ ተቅማጥ የጣላቸው፣ ከነሱ ጋር ሲተያዩ አርፈው የተቀመጡ ናቸው። ታጥበው፣ ቀይ ክር አስረው የመጡት ናቸው በሽተኞቹ።

ምን ማለት ነው? መንደሩ ውስጥ ወረርሽኝ ገብቶ ነበር? ከዚያ ወዲህ አንድም ጥጃ ሞተ አልተባለም። ወይስ ሐሳቡ ራሱ ከመነሻው ውሸት ነው? ደም አይናገርም ማለት ነው?

ሙላት አይቶ አይቶ፣ "እንግዲህ መድኃኒቱን ለጤነኞቹ እንስጣ" አለ። ልመታው ነበር።

ለማንም ስለማላሳየው ልጻፈው... በጣም ፈርቻለሁ።

ጥር 12

ዶክተር ሄኖክን አገኘሁት በስልክ።

"የጠርሙሱ ክዳን ላስቲክ ነበር? ላስቲክ ዚንክ ይለቃል።"

"ፕላስቲክ ነው። ላስቲክ ቢሆንስ ዚንኩን ይጨምረዋል እንጂ አይቀንሰውም።"

"እንግዲያው ስማቸውን አለዋውጠሽዋል።"

"አላለዋወጥኩም።"

"ፍሬዓለም፣ ሁላችንም ሰው ነን። ሙቀት ነው፣ ድካም ነው፣ ረዳትሽ ነው። የታመመውን ጤነኛ፣ ጤነኛውን የታመመ ብለሽ ገልብጪና እይው። እንዴት ያለ ውብ ጥናት እንደሚወጣው።"

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ሙላትን እንኳ አያውቀውም፣ ጥፋተኛ ግን አደረገው።

የሚያናድደው... ገልብጬ አየሁት። እውነቱን ነው፣ ውብ ነው።

ጥር 14

ቀኑን ሙሉ ሁለት ቃል ላይ ተቀመጥኩ። "ጤነኛ" የሚለውን ወደዚህ፣ "የታመመ" የሚለውን ወደዚያ። በቃ፣ ማስተርስ። ጥጃ አይከሰኝ፣ አይመሰክርብኝ። አማካሪዬ ራሱ አድርጊው ብሎኛል።

አላደርገውም አልኩ። ከዚያ ሰኔን አሰብኩ። ከዚያ አላደርገውም ያልኩትን ደግሜ አሰብኩት... ሐኪም ሆኜ በሽተኛውን ጤነኛ ብዬ ልፈርም? ሌላው ነገር ይቅር፣ እኔ ራሴ የቀዳሁት ደም ነው። በእጄ ነው ስም የጻፍኩበት። አልተሳሳትኩም። ታዲያ ምንድነው?

የካቲት 3፣ ቅዳሜ

ጋሽ ሸረፈዲን ቦቃውን እየጎተቱ መጡ። አሁን እውነትም ታሟል፣ ሲተነፍስ ያፏጫል። መርፌውን ለመስጠት በጎኑ አስተኛነው። ሙላት የኋላ እግሩን ከፍ ሲያደርግ ጭኑ ውስጥ አየሁት። ጸጉር የሌለው፣ ጎበጥ ያለ ጠባሳ። የማጭድ ጫፍ።

"ይሄ ምንድነው ጋሽ ሸረፈዲን?"

"ቆዳው ነው።"

"ማነው የተኮሰው?"

ጥጃውን አዩ። ሙላትን አዩ። "መጀመሪያ ንገሪኝ፣ ታድኚልኛለሽ?"

"አድንልዎታለሁ።"

"እንግዲያው እኔ ነኝ።"

"መቼ?"

"ደም ልትቀጂ በመጣሽበት ሳምንት። ሐሙሱን።"

"ጤነኛ ነበር እኮ።"

"ጤነኛ ስለሆነ ነዋ። የታመመማ በሽታው ገብቶበታል። ጤነኛው ነው ደሙ ሲከፈት ለበሽታ በር የሚሆነው። መርፌ ሳይነካው ብረት ይቅደመው ተባባልን። የሁሉንም እኔው ነኝ የነካሁት።"

"ሁሉንም?"

"እስኪመሽብኝ ያገኘሁትን። ደግሞ ለአንቺ ብለን ነው። ከአንቺ እጅ በኋላ አንዱ ቢሞት አገሩ የሚያማው አንቺን ነው። ወላሂ፣ ስምሽን ብለን ነው።"

"ጭኑ ውስጥ ለምን ታዲያ?"

"አትተኩሱ ብላችሁ የለ? ቃላችንን አክብረን፣ ከሚታይ ቦታ አንዱንም አልነካን።"

ሳቄ መጣ። ስስቅ እንባዬም መጣ። ሙላት ያበድኩ መስሎት መርፌውን ከእጄ ወሰደ። ደሙ አልዋሸም። ሙቀት ለክቼ፣ ዓይን ገልጬ፣ ሳንባ አዳምጬ ያላየሁትን ቃጠሎ መዳቡና ዚንኩ አይተውታል። ጥናቴ ትክክል ነው። ውሸት የነበረው "ጤነኛ" የሚለው ብቻ ነው። ደስ አለኝ። እንስሳው ተቃጥሎ እኔ ደስ ይለኛል... ምን ዓይነት ሰው ሆንኩ?

የካቲት 5

የትኛው ተተኮሰ፣ የትኛው ቀረ፤ ይሄን ካወቅሁ ድኛለሁ። ያልተተኮሱት እውነተኛ ጤነኞች ይሆኑኛል። ወደ መንደሩ ወረድኩ።

ጥጃ የለም። አንዱ ግጦሽ ሄዷል፣ አንዱ አጎት ጋ ነው፣ አንዱ አይታወቅም። ያገኘሁት ሰው ሁሉ "እኛ ጋ እሳት ቀርቷል ዶክተር፣ ሞዴል ነን" ይለኛል። ባነሩን የድርቆሽ ክምር ለብሶታል። የአቶ ተዋቸው ፎቶ ላይ ዶሮ ቆማለች። ጋሽ ሸረፈዲን ራሳቸው ካዱኝ። "እኔ የነገርኩሽ ስለ ቦቃው ነው፣ ስለ ሰው ጥጃ ምን አውቃለሁ?"

ሀሊሜ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። "ብንነግርሽ ሞዴልነቱን ይነጥቁናል። የመኖ ዘሩ ይቀርብናል፣ ኮርማው ይቀርብናል። ሰው በገዛ አፉ ይታሰራል እንዴ?"

"ካልነገራችሁኝ ደግሞ እኔ እቀራለሁ፣ እትዬ ሀሊሜ።"

"ምንሽ ነው የሚቀረው?"

ነገርኳት። ሰኔን፣ ስሜ እንደሚሰረዝ፣ ዘመዶቼን። ማስተርስ ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። "እናትሽ ታውቃለች?" ብቻ አለች።

"እስካሁን አልነገርኳትም።"

"አትንገሪያት። አብሽሪ" ብላ ተመለሰች። አብሽሪ... በምን ልጽናና?

የካቲት 10፣ ቅዳሜ

ሀሊሜ ሰው ላከችብኝ። መላ አግኝታለች። ማንም አይናገርም፣ የማንም ስም አይጠራም፣ ባለቤት ጥጃው አጠገብ አይቆምም። እሷ ብቻዋን እየነዳች ትለይልኛለች። የተተኮሰው ከመንደሩ ግራር ዛፍ በቀኝ፣ ያልተተኮሰው በግራ። "ሞዴል የሆነው ሰዉ ነው። ጥጃው ምንም ቃል አልገባ" አለችኝ።

እንዲሁ ሆነ። መንደሩ በሙሉ ማሳ ዳር ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ስለ ማሽላ ዋጋ ያወራሉ፣ ምንም እንዳልሆነ። ከኋላቸው ሀሊሜ ዱላዋን ይዛ፣ ይሄን ወዲህ ያንን ወዲያ። እያንዳንዱን ጭኑን ገለጥኩ። አንዱንም አልተሳሳተችም። በግራ የቆሙት ጥቂት ናቸው፣ በዚያ ሐሙስ ጋሽ ሸረፈዲን መሽቶባቸው የተረፉት። መዝገቤን ከፈትኩ። የነሱ ደም ንጹሕ ነው። ሁሉም።

መጨረሻ ላይ ጥቁርና ነጯ ቀረች። ሀሊሜ ቆም አለች። እኔን አየችኝ። ከዚያ ወደ ቀኝ ነዳቻት። ጀርባውን ሰጥቶ ከተቀመጠው ሰው መሀል አንዱ ሳቁን መያዝ አቃተው። ሳያይ እንዴት አወቀ?

ስንጨርስ ሁሉም ዞሮ "እንዴት ዋልሽ ዶክተር" አለኝ፣ አሁን እንደመጣሁ ሁሉ። እነዚህን ሰዎች ልወድዳቸው ነው መሰለኝ። ሰግቻለሁ።

የካቲት 12

ዶክተር ሄኖክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያቋርጠኝ ሰማ። "ይሄ ከዋናውም ይበልጣል" አለ። ቀጥሎ "እኔም ጠርጥሬ ነበር" አለ። ጠርጥሮ ነበር አሉ። ርዕሱ ይቀየራል፦ መተኮስ በጥጆች ደም ውስጥ ባለው መዳብ፣ ዚንክና ብረት ላይ የሚያስከትለው ለውጥ። የቀረው ፕሮጀክቱ መረጃውን እንድጠቀምበት የሚፈቅድበት ፊርማ ነው። የአቶ ተዋቸው ፊርማ።

መጋቢት 6

አቶ ተዋቸው ርዕሱን አነበበ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠርጎ መልሶ አነበበ።

"መተኮስ? ጠፍቷል ብዬ ሪፖርት ባደረግሁበት? ባነር በሰቀልኩበት?"

"ጥጆቹን አይቻለሁ አቶ ተዋቸው።"

"የማንን ጥጆች?"

"የባለቤቶቹን ስም አልያዝኩም። አንዷ ግን ጥቁርና ነጭ ናት።"

በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ታፔላውን ይሆን? አሁንም እንደወደቀ ነው።

"ሳይንስ ነው፣ እኔ ሳይንስ አልከለክልም" አለ በመጨረሻ። "ቃሉ ነው የከበደኝ። መተኮስ አትበይው። ባህላዊ የሙቀት ሕክምና በይው። ምን ይጎድልብሻል?"

ምን ይጎድልብኛል? ማጭዱ ያው ማጭድ፣ ቁስሉ ያው ቁስል። ቁጥሩን አልነካም። እምቢ ካልኩት አይፈርምም። ካልፈረመ ሰኔ አለ። "እሺ" አልኩ። እዚያው ፈረመልኝ፣ ማኅተሙንም በእጁ መታልኝ።

ከሰዓት በኋላ በየገጹ እየገባሁ ቃሉን ስቀይር ሙላት ከኋላዬ ቆሞ ያነባል። "ሕክምና?" አለ።

"ቃል ነው፣ ሙላት።"

"እሺ፣ ቃል ነው" ብሎ ወጣ። ትከሻው አልተንቀጠቀጠም።

ጥር ላይ ሁለት ቃል አልገለብጥም ብዬ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ? ያኛው ውሸት ነበር። ይሄኛው... ይሄኛው አክብሮት ነው እንበል።

ሚያዝያ 20

ሙቀት። መጻፍ። ሙቀት።

ሰኔ 16፣ ቅዳሜ

አለፍኩ። በጥሩ ውጤት አለፍኩ። እናቴ በስልክ እልል ስትል ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። አልቅሻለሁ፣ አላፈርኩም።

ከፈታኞቹ አንዱ "ይህ የሙቀት ሕክምና ለጥጃው ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?" ብሎኝ ነበር። "ይጎዳል" አልኩ። "ጽሑፉን ላነበበ ሰው ግልጽ አይደለም" አለ። "መደምደሚያው ላይ አለ፣ መጨረሻው ገጽ" አልኩት። ገለጠ፣ አገኘው፣ ራሱን ነቀነቀ። መጨረሻው ገጽ ላይ አለ። ያነበበ ሁሉ ያገኘዋል።

ነሐሴ 19

ሞዴል መንደሯ ውስጥ የመስክ ቀን ተከበረ። እንግዶች፣ ድንኳን፣ ሙክት። አቶ ተዋቸው ማይክ ይዞ፣ "ባህላዊ የሙቀት ሕክምናችን ደም ድረስ ዘልቆ ለውጥ እንደሚያመጣ በማስተርስ ደረጃ ተረጋግጧል። ያረጋገጠችልንም እነሆ አጠገባችን ናት" ብሎ በእጁ አሳየኝ።

እንዲህ ያለ ጭብጨባ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ጋሽ ሸረፈዲን ተነሥተው ቆመው አጨበጨቡ። ጥቅምት ላይ ያጨበጨቡት ለሰው ብለው ነበር። የዛሬው የልባቸው ነው።

ማይኩን ጠየቅሁ። "ትንሽ ማስተካከያ አለኝ" አልኩ። ምሳ ደርሷል ተባለ። ሰው ተነሣ። ማይኩን ይዤ ለባዶ ወንበር ምን ልናገር? ሀሊሜ ከሥጋው መርጣ አመጣችልኝ። "ብዪ፣ ከስተሻል" አለች። በላሁ።

መስከረም 4 ቀን 2005

ከዋጃ አንድ ጥጃ መጣ። ጎኑ ላይ ተተኩሷል፣ በግልጽ፣ ቀጥ ባለ መስመር። ይሄ ወሬ ዋጃ በምን ደረሰ?

መስከረም 11

ከጎብዬም። "ስንት ቦታ ነው የሚበቃው?" ብሎ ጠየቀኝ ባለቤቱ። ጮህኩበት። ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ያበዛ መስሎት።

መስከረም 28፣ ሰኞ

ጋሽ ሸረፈዲን በጠዋት መጡ። ሰሞኑን የተወለደ ጥጃ ታቅፈዋል። ደህና ነው፣ ይጠባል፣ ምንም አላመመውም። በሌላው እጃቸው ማጭድ። ከኋላቸው ሌሎችም አሉ፤ ጥጃና ማጭድ የያዙ፣ እስከ ግቢው በር ድረስ።

"እንኳን ደስ ያለሽ አላልኩሽም ነበር፣ ማሻአላህ" አሉኝ። ከዚያ ማጭዱን፣ እጀታውን ወደ እኔ አድርገው ዘረጉልኝ።

"ምንድነው ጋሼ?"

"የተማረ እጅ ይሻለዋል ብዬ ነው። እኔ እስከ ዛሬ በግምት ነው የነካሁት። የቱ ጋ ቢነካ ነው ያ ዚንክ የምትሉት የሚስተካከል?"

ለሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ደሙ የተለወጠው ስለተጎዳ ነው አልኩ። መዳቡ የወጣው፣ ዚንኩ የወረደው፣ ሰውነቱ ተቃጥሎ ስለተቆጣ ነው። ጥቅም የለውም፣ ኖሮትም አያውቅ። ሰሙኝ፣ በጥሞና ነው የሰሙኝ።

"ታዲያ ሕክምና ለምን አልሽው?" አሉ ጋሽ ሸረፈዲን።

"ለፊርማ ብዬ ነው። ስሙ መተኮስ ነው።"

"ወረቀቱ ላይ ግን ሕክምና ነው የሚለው።"

"አዎ።"

"አሁን የምትነግሪን ጉዳት ነው።"

"አዎ።"

"ማስተሩን የሰጡሽ በየትኛው ነው?"

ሊያሳፍሩኝ ብለው አይደለም። ማወቅ ፈልገው ነው፣ ፊታቸው ላይ ይታያል። ከኋላ ያሉትም ጠበቁ። ሙላት መድኃኒት መደርደሩን ትቶ አየኝ።

"በወረቀቱ" አልኳቸው።

ገባኝ እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። ማጭዱን እጄ ላይ አስቀመጡና ጥጃውን እንዲይዝላቸው ሙላትን ጠሩት።